ሹራብ የምታወልቅ ሴት

ማክሰኞ ነበር፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት አለፍ ብሏል። ሐረር፣ ፈረስ መጋላ አጠገብ ባለ ፎቶ ኮፒ ቤት ቆሜ ሦስት ሥዕሎቼ ስካን እስኪደረጉ እጠብቃለሁ። ሁለት ፖሊሶች መታወቂያ ኮፒ ሊያስደርጉ ገቡ። አንደኛው ማሽኑ ላይ የነበረውን ወረቀት አንስቶ አየ፤ ለጓደኛውም አሳየው።

«ይኼ የማን ነው?»

ክፍል ውስጥ እንዳለ ተማሪ እጄን አወጣሁ። እኔንም፣ ማሽኑን የሚያሠራውንም ወጣት ይዘውን ሄዱ።

ከዩኒቨርሲቲ ከተመረቅሁ በኋላ ሥራ እስካገኝ ድረስ ከስልኬ ላይ ቪዲዮ እያየሁ በእጅ የሚሣል አኒሜሽን እማር ነበር። ኳስ ማንጠርና ሰው ማራመድ ጨርሼ ሹራብ የምታወልቅ ሴት ላይ ደርሻለሁ። መጀመሪያ ዋናዎቹ ይሣላሉ፤ መነሻው፣ መካከሉና መድረሻው። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግሩት ብዙ ትንንሽ ሥዕሎች የሚመጡት ኋላ ነው። እኔ እነሱን ገና አልጀመርኩም። በመካከለኛው ሥዕል ላይ ሴትየዋ ሁለት እጆቿን ከራሷ በላይ አጣምራለች፤ ሹራቡ ፊቷን ሸፍኖታል። በዚያ ሰሞን እጅን ከራስ በላይ አጣምሮ መቆም ተቃውሞ ነበር። ሰው ይታሰርበት ነበር። ስሥለው ይህ በሐሳቤ አልመጣም።

መርማሪው ሥዕሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ፊቷን ለምን ሸፈንሽው?»

«ሹራብ እያወለቀች ነው» አልኩ።

«በዚህ ፀሐይ? ማን ነው ሐረር ውስጥ ሹራብ የሚለብሰው?»

እሱ ራሱ ከኮቱ ሥር ለብሶ ነበር። እኔም ለብሼ ነበር። 

በታይፕ የተጻፈ ወረቀት ሰጠኝ። ሥዕሉ የአመፅ ጥሪ መሆኑን፣ የፎቶ ኮፒ ቤቱ ወጣትም ሊያባዛልኝ ተስማምቶ እንደነበር ይላል። ከፈረምኩ በማግስቱ በዋስ እወጣለሁ፤ ወጣቱ ግን ይቀራል። መርማሪው ይህን አልደበቀኝም። «አንቺ የተማርሽ ልጅ ነሽ። እሱ ምንሽ ነው?» አለኝ። ምኔም አልነበረም። ስሙን እንኳ አላውቅም።

«ቃሌን በራሴ እጅ ልጻፍ?» አልኩ። ደርዘን ያህል ባዶ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠኝ። «እስከ ጠዋት አስቢበት» ብሎ አሰናበተኝ።

ክፍሉ እስከ ወገቡ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ፣ በረኪና በረኪና የሚሸት ነው። ከፍ ብሎ አንድ ትንሽ መስኮት አለ። ሰሌን ላይ ከሐረር ወጣ ካለ ገጠር፣ ከድሬ ጠያራ የመጡ አንዲት ሴት ተቀምጠው አገኘኋቸው። ፖሊሶች ልጃቸውን ፈልገው ሲያጡት እሳቸውን ይዘው መጥተዋል። ነገሬን ሁሉ ነገርኳቸው።

«ወላሂ እኔም አላመንኩሽም» አሉ። «ሹራብ እንዲህ ነው እንዴ የሚወልቅ? እኔ መጀመሪያ እጅጌውን ነው የማወልቅ፤ ያለዚያ ሻሼ አብሮ ይሄዳል።»

«እኔ እንዲህ ነው የማወልቀው፣ እናቴ።»

«አሳዪኝ እስቲ።»

ተነሥቼ ከታች ያዝኩት፤ እጆቼን አጣምሬ ወደ ላይ ሳብኩት። «ቀስ በዪ፣ ልየው» አሉ። ፊቴ ሹራቡ ውስጥ እንዳለ፣ እጆቼ ከራሴ በላይ እንደተጣመሩ ቆምኩ። የበሩ መስኮት ተከፈተ።

«አንቺ! እዚህም ጀመርሽ? አውርጂ እጅሽን!» አለች ሴት ፖሊሷ።

«ሹራቡ አንገቷ ላይ ተይዞባት ነው!» አሉ ሴትየዋ። «ነይ ግቢና ሳቢላት፤ ሳትታፈን!»

ፖሊሷ ትንሽ ቆማ አየችን። ሹራቡ ወጣ፤ ፀጉሬ ቆሞ ነበር። «በሉ ቶሎ ጨርሱ» ብላ መስኮቱን ዘጋችው። ሴትየዋ አፋቸውን በሻሻቸው ሸፍነው ሳቁ። እኔ ግን አንድ ነገር ገብቶኝ ነበር። ፖሊሷ ያመነችው እጄን አይታ አይደለም። ሹራቡ ሲወጣ አይታ ነው።

ቃል እንድጽፍበት የተሰጠኝን ወረቀት እኩል እኩል ትንንሽ አድርጌ ቀደድኩት። ሹራቤን እያወለቅሁ፣ እየለበስኩ፣ ጥቂት በጥቂት ሣልኩ። ሴትየዋ ሁለት ወረቀት ደራርበው ከመስኮቱ ወደሚገባው ብርሃን አንሥተው ይዘውልኝ፣ የሥረኛው ሥዕል መስመር በላይኛው ላይ ይታየኝ ነበር። እጃቸው ሲዝል ወደ ሌላኛው ይቀይራሉ። የአስር ሶላት ደርሶ ሲሰግዱ እኔ አረፍኩ።

ሥዕሎቹን በተራ ደራርቤ፣ የመጀመሪያውን ጥቅል እንዲንቀሳቀስ በአውራ ጣቴ በፍጥነት ስገልጠው ሴትየዋ አንገታቸውን ነቀነቁ።

«ይቺ ሰው አይደለችም፤ እንደ ወፍጮ ነው የምትሄድ። እጅሽ እንዲህ ቀጥ ብሎ አልወጣም፤ ዞሮ ነው የወጣው። ክርንሽ ነው የቀደመ።»

እውነታቸውን ነበር። ርቀቱን ሁሉ እኩል ከፋፍዬዋለሁ። ቪዲዮው ብዙ ጊዜ ነግሮኝ ነበር፤ እንቅስቃሴ ቀስ ብሎ ይነሣል፣ መሐል ላይ ይፈጥናል፣ ሲደርስ ደግሞ ይዘገያል። የገባኝ ግን ያን ቀን፣ በገዛ ትከሻዬ ላይ ነው። እንደገና ሣልኩ። መነሻው ላይ ሥዕሎቹን አቀራረብኳቸው፤ መሐሉን አራራቅሁት። አንገቱ ጋ ሹራቡ እንዲያዝ አደረግሁ። ጨርቁ ከእጁ ዘግየት ብሎ እንዲከተል አደረግሁ።

ጥቅሉን ከነጠላቸው ዘርፍ በተመዘዘ ክር አሰርነው። ገለጥኩላቸው።

«ሱብሃነላህ! ወለቀላት!» አሉ። ደጋግመው ራሳቸው ገለጡት።  ጥቅሉን መልሰው ሰጡኝና «የእኔም ልጅ ላይ እንዲሁ አንድ ሰው ፈርሞበት ነው» አሉኝ። ፈርሚም አትፈርሚም አላሉኝም።

ዛሬ ጀጎል ውስጥ ደረጃ ወጥቶ የሚገባበት ክፍል ተከራይቻለሁ፤ ገጹ መስታወት ሆኖ ከሥሩ መብራት ያለው የሥዕል ጠረጴዛ አለኝ። ወጣቱም እኔም ከቀናት በኋላ ተለቀቅን፤ ምክንያቱን የነገረን የለም። ሴትየዋ ከእኛ በኋላም ቆይተዋል፤ አሁን ቤታቸው ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ። አኒሜሽን ሊማሩ የሚመጡ ሰዎች ዋናዎቹን ሥዕሎች አሳምረው፣ መሐሉን ዘለው ያመጡልኛል። አድካሚ ነው ይላሉ። ልክ ናቸው፤ አድካሚ ነው። መልሼ እሰጣቸዋለሁ።

ያኔ፣ በታሰርኩ ማግስት፣ ረቡዕ ጠዋት መርማሪው «ጻፍሽ?» ሲለኝ ጥቅሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። አገላበጠው። ከኋላ ጀምሮ ገለጠው።

«ለበሰች» አለ።

«ከፊት ነው የሚጀመረው፣ ጌታዬ።»

ከፊት ገለጠው። አንገቱ ጋ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። መልሶ ገለጠው። ፊቱ ላይ የሆነ ነገር አለፈ፤ ሊስቅ ይሁን ሊቆጣ አላወቅሁም።

«ይኼ ጨዋታ ነው። እኔ ቃል ነው ያልኩሽ።»

«ቃሌ ነው» አልኩ።

በታይፕ የተጻፈውን ወረቀት ወደ እኔ ገፋው። እስክሪብቶውን አነሣሁ። ከዚያ ለፊርማ በተተወው ቦታ ላይ፣ እያንዳንዱን ፊደል ለይቼ፣ «ይህ ቃል የእኔ አይደለም» ብዬ ጻፍኩ። አንብቤ አረጋገጥኩና ወረቀቱን እንዲያነበው ወደ እሱ አዙሬ ሰጠሁት።