ሆድ ያወጣ ሸራ

ፍኖተ ሰላም ላይ ጀልባ አለኝ ስል ሰው ይስቃል፤ ቢስቅም አልፈርድበትም፣ ከተማችን ሐይቅ የላትም። የእንጨት ሥራ አስተማሪ ነኝ። ጀልባዋን ከኮምፔንሳቶ ሠርቼ፣ የባሕር ዛፍ ምሰሶ አቁሜ፣ ሸራ ሰቀልኩላት። ቡሬ ያለው ባልንጀራዬም የእሷን መሳይ አለው። በዓመት አንድ ቀን ሁለቱንም በጭነት መኪና ጭነን ከዱርቤቴ አልፎ ባለው የመስኖ ግድብ ላይ እንወዳደራለን። ሦስት ዓመት በተከታታይ ያሸነፈኝ እሱ ነው።

ጀልባዬ የምታድረው ግቢያችን ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል ነበር። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ያችን ክፍል ለስፌት መኪናዋ ስትመኛት ኖራለች። "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" እያለች ስትሸነቁጠኝ ቆይታ በመጨረሻ ተዋዋልን። ዘንድሮም ከተሸነፍኩ ጀልባዋ ትወገድና ክፍሏ የእሷ ትሆናለች፤ ካሸነፍኩ ግን ነገሩን ዳግም አታነሳብኝም።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ደከምኩ። ጀልባዋን ገልብጬ ሥሯን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩ፤ ስንጥቋን ሰጋቱራ ከማጣበቂያ ጋር ለውሼ ደፈንኩ፤ ቫርኒሽ ሦስት ጊዜ ቀባሁ። ምሰሶውን የሚይዙትን ገመዶች እንደ ክራር እየነካሁ፣ አንዱን ሳጠብቅ ሌላውን ሳላላ ዋልኩ። አዲሱን ሸራ የሰፋችልኝ ግን ባለቤቴ ናት።

ውድድሩ ሦስት ዙር ነው፣ ሁለቱን የቀደመ ያሸንፋል፤ ውኃው መሃል ከተንሳፈፈው ቢጫ ጀሪካን ዞሮ መመለስ። በመጀመሪያው ዙር ባልንጀራዬ ጥሎኝ ሄደ። ስመለስ ባለቤቴ ዳር ላይ ቆማ የእሱን ሸራ ታያለች።

"ሆዱ እንዲህ የተነፋው ምነው? ማን ነው አበላሽቶ የሰፋለት?" አለችኝ።

"አልተበላሸም። ነፋሱን የሚይዘው በሆዱ ነው። አንቺም እንዲያ አድርገሽ እንድትሰፊው ነበር የሣልኩልሽ።"

ፊቷ ተለዋወጠ። ለካስ እንደ ሣልኩት ከሰፋችው በኋላ መሃሉ ረገብ ማለቱን አይታ አፍራለች፤ ስፌቱን ፈትታ አጥብባ፣ በከሰል ካውያ ተኩሳ እንደ ጠረጴዛ ልብስ ለጥ አድርጋዋለች።

"ሆድ ያወጣ ልብስ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም" አለች።

ተናድጄ ነበር፤ ይህን ስትል ግን ሳቄ አመለጠኝ። ክፍሏን ለማግኘት ዝም ብላ መቀመጥ ብቻ ይበቃት ነበር። እሷ ግን ከቦርሳዋ መርፌና ክር አወጣች። ሸራውን ሳሩ ላይ ዘርግታ መሃሉን ፈታችና ለቀሚስ ደረት እንደምታወጣው አድርጋ መልሳ ሰፋችው።

"ክፍሏስ?" አልኳት።

"የእሷ ስፌት ነው ያስሸነፈው ከምባል ክፍሏ ትቅርብኝ" አለች፣ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች።

በሁለተኛው ዙር ነፋሱ ሲመጣ ሸራው ሙልት አለ፤ ጀልባዋ ከሥሬ ልታመልጥ ምንም አልቀራት። እንደ ልጅ እየጮኽኩ ጀሪካኑን ዞሬ ባልንጀራዬን ቀደምኩት። ሦስተኛውንም ደገምኩት። እንደዚያ ቀን የተደሰትኩበትን ጊዜ አላስታውስም።

ባልንጀራዬ ጀልባውን እንኳ ሳያስር ቀጥ ብሎ ባለቤቴ ዘንድ ሄደ።

"እንደው ለእኔም አንድ ቢሰፉልኝ?" አላት።

"የት ቁጭ ብዬ?" አለችው፣ ወደ እኔ ሳታይ።

በማግስቱ ጀልባዋን ወደ ደጅ አወጣኋትና የስፌት መኪናውን አስገባሁ። ዝናብ ስለሚያገኛት አሁን ቫርኒሽ የምቀባት በዓመት ሁለት ጊዜ ነው። የባልንጀራዬ ሸራም አልቆ ተላከለት፤ ሆዱ ከእኔው ይበልጣል።