ጀርባው ላይ የደበቅኩት አራት ጣት

ልጄ ብስክሌቱን ፈታትታ በረንዳው ላይ በዘረጋችው ቀን እኔ አጠገቧ አዲስ ቦንዳ እየፈታሁ ነበር። ቦንዳ ማለት ከውጭ ታስሮ የሚመጣው ልባሽ ጨርቅ ነው፤ ዲላ ገበያ ውስጥ እሱን ነው የምሸጠው። ሁለታችንም መሬት ላይ ተቀምጠን ስንለይ ዋልን። እኔ ደህናውን ልብስ ካለቀው እለያለሁ፣ እሷ ነፋስ የሚይዘውን ብረት ከማይዘው ትለያለች።

«ይሄ ይይዛል» ትልና የኋላ ዕቃ መጫኛውን ወደ ጎን ትወረውራለች። «ይሄም ይይዛል።» የጭቃ መከላከያው ሄደ። ማቆሚያው ሄደ። የመብራቱ ዲናሞ ሄደ።

«ፍሬኑስ?» አልኳት።

«ፍሬኑ ይቀራል እማ።»

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም።»

ትንሽ ቆይቼ ደግሜ ጠየቅኳት። «ኧረ እማ!» ብላ ሳቀች።

ብስክሌቱ ኮርሳ የሚሉት ነው፤ መሪው እንደ በግ ቀንድ የታጠፈ፣ ጎማው ከአውራ ጣቴ ብዙም የማይወፍር። የሰጧት ከመናኸሪያው ጀርባ ብስክሌት የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ ናቸው። በጎልማሳነታቸው ተወዳዳሪ ነበሩ። ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል፤ እኔም ጋሼ ነው የምላቸው። ልጄ ገና አሥራ አምስት ዓመቷ ሳለ በኪራይ ብስክሌት ዳገቱን ስትወጣ አዩዋትና «ይቺን ልጅ ማን ወለዳት?» እያሉ ቤቴ ድረስ መጡ። ያን ጊዜ ነው በሩን ልዘጋባቸው ይገባኝ የነበረው። አልዘጋሁም።

የፈለገችው ነገር አንድ ነው። በየዓመቱ ከይርጋጨፌ እስከ ዲላ ውድድር አለ፤ ከሴቶቹ አንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት ሐዋሳ ገብተው ከክልሉ ቡድን ጋር ይሠለጥናሉ። እሷ አንድ ጊዜ አምስተኛ ወጥታለች። አሁን በዩኒቨርሲቲው በኩል በተከፈተው ኢንተርኔት ቤት ገብታ የውጭ አገር ተወዳዳሪዎችን አየችና ሚስጥሩን ይዛ መጣች። ሰው በጣም ሲፈጥን የሚታገለው ከዳገቱ ጋር ሳይሆን ከነፋሱ ጋር ነው አለችኝ። እሺ አልኩ። ቁልቁለቱ ላይ ነው የምቀድማቸው አለችኝ። እሺ አልኩ።

ያ ቁልቁለት ከወናጎ ወዲህ ያለው ነው። አባቷ የቀረው እዚያ ነው። የቡና ጭነት መኪና ላይ ረዳት ነበር፤ መኪናው ፍሬን በጠሰ። እሷ ያን ጊዜ ጡት አልጣለችም። ለቅሶ የመጡት ሴቶች «አልቅሺ፣ ይውጣልሽ» ቢሉኝም እንባው አልመጣም። አጣጥፈው የተቀመጡበት እግር እንደሚደነዝዘው ውስጤ ደንዝዞ ቀረ። ሰው ሲያገባም ሲሞትም እሄዳለሁ፣ እበላለሁ፣ እመለሳለሁ። የማይደነዝዘው ፍርሃቱ ብቻ ነው።

እንግዲህ ጋሼና ልጄ ብስክሌቱን መሥራት ያዙ። እኔ ምሳቸውን ይዤ እሄድና አንድ ጥግ ተቀምጬ እሰማለሁ። ስለ መሪው ሦስት ቀን ተከራከሩ። እሷ ጠባቡ ይሁን ትላለች፤ ትከሻዋ ይሰበሰባል፣ ነፋሱም በጎንና በጎን ያልፋል። እሳቸው ደግሞ መሪ ሲጠብ ብስክሌቱ ይቅበጠበጣል፣ ልምድ ይፈልጋል ይላሉ። በመጨረሻ ጠባቡ ገባ፤ ከፍታውም ወረደ። የፍሬኑ ሽቦ ከውጭ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ከመሪው ጋር አጣብቀው በጥብጣብ ጠቀለሉት። ወንበሩን ወደ ፊት ገፉት። ቁልቁለቱ ላይ እግሯ ባዶውን እንዳይሽከረከር ጥርሱ የበዛውን ማርሽ መረጡ። ከዚያ ልጄ ጎማውን እንሸፍን አለች። ጋሼም አዎ፣ በጎማው ሽቦዎች መካከል ነፋስ እየገባ ይታመሳል አሉ።

«እቴ፣ አንቺ ቤት የድንኳን ጨርቅ አይጠፋም» አሉኝ ጋሼ።

ከቦንዳው ቀጭን የድንኳን ጨርቅ አወጣሁና ከበሮ እንደሚለጎም ወጥሬ የኋላውን ጎማ ሰፋሁት። የፊቱንም ልሰፋ ስል ከለከሉኝ። «የፊቱ ከተሸፈነ የጎን ነፋስ መሪውን ይቀማታል።»

«ዳኛው ይሄ ምንድን ነው ቢል ምን ይባላል?» አለች ልጄ።

«ጭቃ እንዳይረጭባት እናቷ ያለበሰችላት ነው እንላለን» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ብረቱን ጨርሰናል። የቀረችው ልጅሽ ናት። ብዙውን ነፋስ የሚይዘው ብስክሌቱ መሰለሽ? ሰውነቷና ልብሷ ነው።»

«ታዲያ እሷንም ይፍቷትና አንዳንዱን ይጣሉልኛ» አልኳቸው።

ሳቁ። ልጄም ሳቀች። «ከቆዳዋ ጋር የሚጣበቅ ልብስ ስፊላት፤ አንድ ቦታ እንኳ እንዳይርገበገብ» አሉኝ።

እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ጨርቅ ግን ጣቴ ያውቀዋል። ከቦንዳው ውስጥ ሁለት የዋና ልብስና አንድ የሚሳብ የስፖርት ሱሪ መረጥኩ። ልጄን ብስክሌቱ ላይ ግድግዳ አስደግፌ አስቀመጥኳትና እንዳጎነበሰች ለካኋት። ጀርባዋ እንደ አግዳሚ ወንበር ጠፍጣፋ ሆነ። አጠገቤ ጫማ የምትሸጠው ጎረቤቴ አይታ ሳቋን ማቆም አቃታት።

«ወላሂ፣ ይሄ ልብስ ነው ወይስ ቆዳ? ልጅቷን ገፈሽ መልሰሽ ልትሰፊያት ነው?»

«ነፋስ እንዳይገባ ነው» አልኳት።

«እኔስ ባል እንዳይገባ ነው የመሰለኝ!»

ያን ቀን ሁሉም ይስቅ ነበር። እኔም አፌን ከፍቻለሁ መሰለኝ።

ሱቄ ፊት ገመድ ወጥሬ ልብስ እሰቅላለሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ ሳይ የኖርኩት ነገር ነው፤ ነፋስ የገባበት ሸሚዝ ይነፋና ገመዱን ወደ ኋላ ይጎትታል። ይህን እያየሁ አሰብኩ። ልጄ መራመድ ስትጀምር እንዳትወድቅ ቀሚሷን ከኋላ ይዤ ነበር የማስኬዳት። የምሰፋላት ሸሚዝም እንዲሁ ቢይዛት አልኩ። ቁልቁለቱ ላይ ብቻ። ትንሽ ብቻ።

የጎኑን ስፌት በናይለን ክር፣ ድርብ አድርጌ ሰፋሁት። ጀርባው ላይ ግን አራት ጣት የሚሆን እጥፋት ወደ ውስጥ ደበቅኩና ነፋሱ ሲበረታ እንዲበጠስ በአሮጌ የጥጥ ክር አራርቄ ያዝኩት። አንገቱንም ለነፋሱ መግቢያ ትንሽ ክፍት ተውኩለት። ቤት ስትለካው ልክ ነበር። «እማ፣ አንደኛ ነሽ!» ብላ ጉንጬን ሳመችኝ። ምንም አልተሰማኝም።

የውድድሩ ቀን «ዲላ ማብቂያው ላይ እጠብቅሻለሁ» ብያት በጠዋት ጪጩ ሄድኩ፤ ቁልቁለቱ የሚያልቅበት ቦታ ነው። ከአንድ እንሰት ማሳ ጥግ ቆምኩ። አጠገቤ የቆጮ ሸክሟን ያወረደች አንዲት ሴት ነበረች። መጀመሪያ ሞተር ብስክሌት መጣ፤ ከዚያ ሁለት ሴት ልጆች ተከታትለው አለፉ። ከዚያ የእኔ ልጅ ከላይ ብቅ አለች። ሦስተኛ ነበረች።

ክሩ ሲበጠስ ከዚያ ርቀት አይታይም። ያየሁት ጀርባዋ ድንገት እንደ ጆንያ ሲነፋ ነው። እኔ ቀስ ያደርጋታል ብዬ ነበር። ጨርቁ ግን ተነፍቶ ዝም አላለም፤ ግራና ቀኝ እየተወረወረ ይመታት ጀመር፤ ያ ጠባብ መሪም አብሮት ተንቀጠቀጠ። ከታች አንድ የቡና መኪና ወደ ወናጎ እየወጣ ነበር። አጠገቧ ሲያልፍ ነፋሱ ወደ መንገዱ ዳር ገፋት። ያን ጊዜ ልጄ አንድ እጇን ከመሪው ለቀቀች።

«ኢየሱስ! ልብሷ ተቀደደ!» አለች ቆጮ ያወረደችው ሴት።

በአንድ እጇ ወረደች። በሌላው ጨርቁን ከኋላዋ ሰብስባ፣ ጠቅልላ፣ ከሥሯ ከትታ ተቀመጠችበት። ይህን ስታደርግ አንዷ ተወዳዳሪ በአጠገቧ እልም ብላ አለፈች። ልጄ ፊቴ ስትደርስ ሁለት እጇ መሪው ላይ ተመልሶ ነበር። አላየችኝም። እኔ መጮኽ ፈልጌ እንደሆነ አላውቅም። እጄ የእንሰቱን ቅጠል ይዞ ኖሯል፤ በኋላ ሳየው ተተልትሏል።

አራተኛ ወጣች።

ጋሼ ሸሚዙን አገላብጠው አዩት። «ነፋስ የበላት እዚህ ጋ ነው። ክሩን ምን ነካው?»

«አሮጌ ክር ነበር» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝና ሸሚዙን መለሱልኝ።

ልጄ ሁለት ቀን ስለ ሸሚዙ አላነሳችም። ትበላለች፣ ብስክሌቱን ትወለውላለች፣ ትወጣለች። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሸሚዙን ገልብጣ የስፌት መኪናዬ ላይ ዘረጋችው።

«እማ፣ የጎኑ ናይለን ነው። ድርብ ነው።»

«አዎ።»

«የጀርባው ጥጥ ነው። እንዲህ የተራራቀ ስፌት ሰፍተሽ አታውቂም፤ የሰው ልብስ ስታሳጥሪ እንኳ።» በጣቷ ክሩ ያለፈባቸውን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ እየነካች ሄደች። «ናይለኑ አልቆብሽ ነበር?»

አዎ ብል ነገሩ እዚያ ያልቅ ነበር። የናይለኑ ጥቅል ግን መኪናው ላይ ተቀምጧል፤ ገና አልተጋመሰም። እሷም አይታዋለች።

«አላለቀም» አልኳት።

«ታዲያ?»

«ቀስ እንድትይ ብዬ ነው።»

ትጮኻለች ብዬ ጠበቅኩ። ብትጮኽ ደስ ይለኝ ነበር።

«አንድ እጄን ለቅቄ ነው የወረድኩት እኮ እማ» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«አይቻለሁ።»

«የት ሆነሽ?»

«ጪጩ ነበርኩ።»

ቆመች። ወደ ውጭ፣ በረንዳው ላይ ወዳለው ብስክሌት አየች። ከዚያ ሸሚዙን አንስታ ለበሰችው፤ ጀርባው አሁንም እንደ ተከፈተ ነው። በርጩማውን ሳበችና ፊቷን አዙራ ተቀመጠች። መሪ እንደ ያዘች ሁለት እጇን ወደ ፊት ዘርግታ አጎነበሰች።

«ስፊው» አለች።

«አውልቂውና በመኪናው ልምታው።»

«አይሆንም። እዚሁ፣ እላዬ ላይ። በናይለን።»

መርፌ አወጣሁ። ክሩን ለማስገባት ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። ከዚያ ከአንገቷ ጀምሬ ወደ ታች ሰፋሁ፤ ጠበቅ ጠበቅ አድርጌ፣ ድርብ፣ መርፌው ሰውነቷን እንዳይነካት በግራ እጄ ጨርቁን ከጀርባዋ አንሥቼ። ስጨርስ ጣቴን በስፌቱ ሥር ለማስገባት ሞከርኩ፤ አልገባም።

«ጠበበሽ?»

«ትንሽ።»

«ላላላልሽ?»

«ተይው እማ። እንዲህ ነው የሚሆነው።»

መቀሱ ሩቅ ስለ ነበር ክሩን በጥርሴ ልበጥስ ጎንበስ አልኩ። ፊቴ ጀርባዋን ነካ። ጨርቁ በጣም ከመወጠሩ የተነሳ እያንዳንዱ ትንፋሿ ጉንጬ ላይ ይመታል፤ ይገባል፣ ይወጣል። ክሩን እስክበጥስ ከሚያስፈልገው በላይ እዚያው ቆየሁ። እሷም አልተንቀሳቀሰችም።