በንጉሡ ሠ

ኤርፖርት አጠገብ ከነበረው የፓርኪንግ ሥራዬ ስለቅቅ ኬክ ተቆርጦልኛል። ኬኩ ላይ ስሜን አሳስተው ጽፈውታል፤ ግድ አልሰጠኝም፣ እንዲያውም የተሳተውን ፊደል የያዘውን ቁራሽ መርጬ በላሁት። አለቃዬ እጄን ጨብጦ፣ “ሁሉም እንዲህ ብሎ ይሄዳል፣ ከዚያ ይመለሳል” አለኝ። ደግ ሰው ነው፣ ለክፋት አላለውም። እኔ ግን ነገር ቶሎ አይወጣልኝም። ሒሳብ የምቀበልባት የመስታወት ሳጥን ውስጥ ዳግመኛ ላልቀመጥ ለራሴ ምዬ ወጣሁ።

የለቀቅኩት ሙሉ ጊዜዬን ተርጓሚ ልሆን ነው። በትርፍ ሰዓትማ ስተረጉም ዓመታት አልፈዋል። አንድ የትርጉም ድርጅት ለትምህርት ቤቶች የሚሆን የወላጆች መመሪያ ሰጠኝ፤ ዳጎስ ያለ ነው። ዓርብ እኩለ ቀን ሳይሞላ ካስረከብኩ ቋሚ ተርጓሚያቸው እሆናለሁ። ካላስረከብኩ ወደ መስታወት ሳጥኔ።

የትርጉም ሶፍትዌር ማለት ለማያውቀው ሰው ይህ ነው፤ አንድ ጊዜ የተረጎማችሁትን ዓረፍተ ነገር ይይዝላችኋል። ያው ዓረፍተ ነገር በሌላ ወረቀት ሲመጣ፣ ይሄን እኮ ታውቁታላችሁ ብሎ ያቀርብላችኋል። “ልጅዎ ትኩሳት ካለው ቤት ያቆዩት” የምትለዋን ከመጀመሪያው ቀን በቀር ደግሜ አልተረጎምኳትም። የለፋሁበት ሁሉ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ችግሩ፣ ሶፍትዌሩ የእኔን ዓይነት ኮምፒውተር አይወድም። ስለዚህ ባሌ ቨርቹዋል ማሽን የሚባል ነገር ጫነልኝ፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር፣ ልክ እንደ እርጉዝ ሴት። ሶፍትዌሬም ሥራዬም የሚኖሩት በዚያ ሆድ ውስጥ ነው።

ባሌ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። እሁድ ከቤታችን ከስኔልቪል ይወጣል፣ ቅዳሜ ይመለሳል። በልጅነቱ ዲያቆን ነበር፤ ፊደልን በአርጩሜ ነው የተማረው፣ ስለዚህ በፊደል ቀልድ አያውቅም። “ሥራ” በንጉሡ ሠ ነው፣ “ሰላም” በእሳቱ ሰ ነው፣ አለቀ። እኔ ደግሞ ድምፃቸው አንድ ከሆነ ለአንድ ራስ ሁለት ቆብ ምን ያደርጋል ባይ ነኝ። የሠርጋችንን መጥሪያ ያሳተምኩት እኔ ነበርኩ፤ “የሰርግ ጥሪ” ብዬ፣ በእሳቱ ሰ። እስከ ዛሬ ድረስ ሰው ቤት ስንጋበዝ፣ “እኛ እንኳን በትክክል አልተጋባንም” እያለ ያስቅብኛል።

እንግዲህ ሐሙስ ጠዋት ማሽኗ አልከፈት አለችኝ። ለካ ረቡዕ ባክአፕ እየተደረገች ሳለች የኮምፒውተሩን ክዳን ግጥም አድርጌ ገበያ ሄጃለሁ። ቅጂውም ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ፣ ዋናዋም ታመመች። አንድ ሰው “ታገሺ” ቢለኝ ምን ነበረበት? ሪስቶር፣ ከቅጂው መልስ፣ የሚል ነገር አየሁ፣ ሪስቶር አደረግኩ። ግማሹ ቅጂ ዋናዋ ላይ ተደርቦ ቁጭ አለ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ለእኔ የሚለቀምም አልተረፈኝ። ማሽኗ ተከፈተች፣ ሶፍትዌሩም አለ፣ ውስጡ ግን አንዲት ዓረፍተ ነገር የለችበትም። 

ጎረቤት ከተማ ኖርክሮስ ሱቅ ላለው ኮምፒውተር ጠጋኝ ደወልኩ። እዚሁ በእንግሊዝኛ ያደገ ልጅ ነው። “ኦቨርራይት አድርገሽዋል እኮ፣ ላይክ፣ ዳን” አለኝ። “ዳን” ሲል የሚመርቅልኝ መስሎኝ አሜን ልል አፌን ከፍቼ ነበር። በእንግሊዝኛው፣ በላዩ ስለጻፍሽበት አብቅቶለታል ማለቱ ነው።

ስልኩን እንደዘጋሁ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ለቀድሞ አለቃዬ ቴክስት አደረግኩ፤ ቦታዬ አለ ወይ? መልሱ ወዲያው መጣ። “ሰኞ ነይ” ይላል፣ ከጎኑም ትንሽ የኬክ ሥዕል። ከማልቀስና ከመሳቅ የቱን እንደማስቀድም ሳላውቅ ለባሌ ደወልኩ። ቴነሲ ውስጥ እየነዳ ነበር።

“ጠፋ” አልኩት። “ሁሉም ጠፋ።”

“የትርጉሙ? አይዞሽ፣ እሁድ ስወጣ ኤክስተርናሉ ላይ ገልብጬዋለሁ። ‘የትርጉም ሥራ’ ብለሽ ፈልጊው።”

ጮቤ ረገጥኩ። ኤክስተርናላችን፣ በገመድ የሚሰካው የፋይል ማስቀመጫ፣ የሠርግ ቪዲዮ፣ የክርስትና ፎቶ፣ ቅዳሴ፣ የሰው ሁሉ ምርቃት እየተጠቀጠቀበት ዕቃ ቤት የሆነ ነገር ነው፤ በዓይን ፈልጎ ማግኘት አይታሰብም። በመፈለጊያው ላይ ጻፍኩ።

“የለም” አልኩት።

“አለ። ‘የትርጉም ሥራ’።”

“እሱኑ ነው የጻፍኩት። ‘የትርጉም ስራ’።”

“ደግመሽ ጻፊው።”

ደግሜ ጻፍኩ። በትልቁ ጻፍኩ፣ ቀስ ብዬ ጻፍኩ፣ አንዴም ዓይኔን ጨፍኜ ጻፍኩ። ገመዱን ነቅዬ ሰካሁ።

“እኔ ምንድነው ያልኩሽ?”

“የትርጉም ስራ።”

“አንቺስ ምን ጻፍሽ?”

“የትርጉም ስራ አልኩህ እኮ፣ አንተ ሰውዬ።”

“እንግዲያው አለ።”

“የለም።”

“አንቺ ሴት፣ በገዛ እጄ ነው የጻፍኩት።”

እዚህ ላይ ያልኩትን ሁሉ ልጽፈው አልችልም፤ ሰውየው አሁንም ባሌ ነው።  ቆይቶ፣ በጣም በቀስታ፣ “በየትኛው ሰ ነው የጻፍሽው?” አለኝ።

ስክሪኑን ጠጋ ብዬ አየሁ።

“በእሳቱ ነው፣ አይደል? በእሳቱ ጽፈሽ ነው የተቃጠልሽው” ብሎ ሳቁን ለቀቀው። ሳቁ አላስነዳ ብሎት ከአውራ ጎዳናው በኤግዚት ወጥቶ ፓርክ አደረገ። በስልክ ሠ እና ሰ ምኑም አይለይም። በእንግሊዝኛ ቢሰይመው ይሄን ጊዜ ጨርሼ ነበር ብዬ ልቆጣ አሰብኩ፣ ግን እኔም መሳቅ ጀምሬያለሁ።

ንጉሡን ሠ ከኪቦርዱ ፈልጌ አወጣሁት፤ ያለበትን እንኳን ረስቼው ነበር። “የትርጉም ሥራ” ብዬ ስጽፍ አንድ ፎልደር ብቻዋን ብቅ አለች። ከፈትኳት። መመሪያው እስከ እሁድ የሠራሁት ድረስ አለ። ዓረፍተ ነገሮቼ በሙሉ አሉ። ትኩሳት ያለበት ልጅ እንኳን እንደተኛ ነው። በነጠላ ጫማ ከኩሽና ሳሎን፣ ከሳሎን ኩሽና እስክስታ ወረድኩ፤ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ሆኖ “አገኘሽው? አገኘሽው ወይ?” ይላል።

ትንፋሼ ሲመለስ ነው ነገሩ የገረመኝ። “ቆይ ግን፣ አንተ ለምን ገለበጥከው?”

ሞተሩን ሲያጠፋ ተሰማኝ። 

“ከዚያ ወደ ስልኬ ልወስደው። የቱ የቱ እንደሆነ ስለማላውቅ ሁሉንም ነው የምገለብጠው። ለማደር ስቆም አነበዋለሁ።”

“ምኑን?”

“ያንቺን ነዋ።”

“ድሮ የተረጎምኩትን የስኳር ሕመምተኞች አመጋገብ ሳይቀር?”

“እሱንማ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ‘ቤት ያቆዩት’ የምትለዋን ደግሞ እወዳታለሁ። የምትናገሪ ነው የሚመስለኝ። ፊደልሽ ብቻ ነው የሚያናድደኝ።”

የእኔን ወረቀት ሰው ፈርሞ ይመልሰዋል እንጂ ያነበዋል ብዬ አስቤ አላውቅም። አንጀቴን በላው። “በል ንዳ፣ ታረፍዳለህ” አልኩት።

ከሰኞ እስከ ረቡዕ የሠራሁትን እንደ አዲስ ሠራሁት። ዓርብ ጠዋት ሲያልቅ፣ መመሪያው ውስጥ ያለውን “ስራ” ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ “ሥራ” ቀየርኩት። ሌላውን አልነካሁም፤ እኔም አቋም አለኝ። ከዚያ ከድርጅቱ በፊት ለባሌ ላክሁለት፣ ቀጥሎ ለድርጅቱ። በመጨረሻም ለአለቃዬ ሰኞ እንደማልመጣ ጻፍኩለት። “ሁለተኛ ኬክ ግን የለም” ብሎ መለሰልኝ።

እኩለ ቀን ላይ ባሌ ደወለ። ምሳውን እየበላ እንደሆነ ከማኘኩ አወቅኩ፤ ማንበብም ጀምሯል።

“‘ሥራ’ በንጉሡ ሠ ነው” አለኝ።

“አይቻለሁ።”

“ሁሉም ቦታ?”

“ሁሉም ቦታ።”

ማኘኩን አቆመ። “እንግዲህ አሁን ተጋባን” አለኝ።