የክንፌ ክብደት

ደብረ ማርቆስ ምህንድስና ስማር፣ የመመረቂያ ሥራችን ወደ ደብረ ኤልያስ ጤና ጣቢያ መድኃኒት የሚያደርስ ሰው አልባ አውሮፕላን መንደፍ ነበር። የክንፍ፣ የሞተርና የባትሪ ቡድን ሆነን ስንከፋፈል ለየቡድኑ የክብደት ጣሪያ ተሰጠን፤ የክንፉ ቡድን ኃላፊ እኔ ነበርኩ። እኛም ጣሪያውን እንደ ማሳ ድንበር ያዝነው። የባትሪ ቡድኖቹ ጥቂት ግራም ልቀቅልን ብለው ቢለምኑኝ፣ ትርፍ እያለኝ እንቢ አልኩ። ክንፌ ከተፈቀደለትም የቀለለ ስለነበር ኮርቼበት ነበር።

መምህራችን ጭቅጭቃችንን ቆመው ሰሙና ጣሪያዎቹን በሙሉ ከሰሌዳው አጠፏቸው። በምትኩ አንድ ጥያቄ ጻፉ፤ ይህ አውሮፕላን እስኪያረጅ ድረስ ለጤና ጣቢያው በብር ሲተመን ምን ያህል ጥቅም ይሰጣል? ከዚያ በኋላ ክብደትም፣ የባትሪ ዕድሜም፣ ጥገናም የሚመዘነው በዚሁ ሆነ። ይሄ የነጋዴ እንጂ የመሐንዲስ ሐሳብ አይደለም ብዬ በሆዴ ተናደድኩ።

ስሌቱን ስሠራው ግን ንዴቴ በረደ። የኮራሁበት ክንፍ ከውጭ በሚመጣ ካርቦን ፋይበር የተነደፈ ነው፤ አንዴ ቢሰነጠቅ አውሮፕላኑ መለዋወጫ ሲጠብቅ ይከርማል። የከተማችን አናጺ በሚጠግነው እንጨት ብሠራው ይከብዳል፣ ግን መሬት ላይ አይከርምም። ክንፉ ሲከብድ ባትሪው መቅለል ስላለበት፣ አሁን ግራም ለማኙ እኔ ሆንኩ። የባትሪ ቡድኖቹም ስሌቱን አይተው ሳያንገራግሩ ለቀቁልኝ።

አዲሱን ንድፍ ሳሳያቸው መምህራችን መነጽራቸውን አውልቀው ብዙ አዩት።

«እስከ ዛሬ ክንፍ ነበር የምትሠራው» አሉኝ። «አሁን አውሮፕላን ሠራህ።»