ለውሻዬ የተለቀቀ ዕጣ

ውሻዬን ባጃጅ ገጭቶት የኋላ ግራ እግሩ ተሰበረ። ቤቴል ያለው የእንስሳት ሐኪም ራጁን ወደ መስኮቱ አንስቶ አሳየኝ፤ አጥንቱ ከጉልበቱ በታች ለሁለት ተከፍሏል፣ ተከፍቶ በብረት መታሰር አለበት። ዋጋውን ሲነግረኝ ማደንዘዣው ተጨምሮበት እንደሆነ ጠየቅሁት። አልተጨመረም። ሳይጨመርም ደመወዜ አይችለውም ነበር።

የቀረኝ የሰፈራችን እቁብ ነው። ችግር የገጠመው ሰው ለዳኛው ይነግራል፣ ዳኛው ደግሞ ዕጣ የወጣለትን ሰው ተራ እንዲለዋወጠው ይለምንለታል። የእኛ ዳኛ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ሱቅ ያላቸው ሽማግሌ ናቸው።

«ጋሼ፣ ውሻዬ ታሞብኝ ነው» አልኳቸው።

ቆባቸውን አወለቁ፣ መልሰው አጠለቁ። «እስቲ እናያለን» አሉ።

የዚያ ሳምንት ዕጣ ለአንዲት የበርበሬ ነጋዴ ወጣ፤ ሁላችንም እማማ የምንላቸው ናቸው። ዳኛው ጆሯቸው ላይ አንሾካሾኩ። እማማም ወዲያው «ይውሰድ፣ ይውሰድ! እግዜር ይማርለት» አሉ።

በማግስቱ ጠዋት እማማ ሙዝና አንድ ጠርሙስ ጭማቂ ይዘው በሬን አንኳኩ።

«በሽተኛው የት ተኝቷል?»

የተኛበትን ካርቶን አሳየኋቸው። ውሻዬ ጅራቱን ወለሉ ላይ መታ መታ አደረገ።

«ጋሼ ቤተሰብ ታሞበት ነው ያሉኝ!»

«እኔ ውሻ ብያቸዋለሁ፣ እማማ። እሳቸው አፍረው ይሆናል።»

በርጩማዬ ላይ ዘፍ አሉ። «ስሙን ስለማላውቅ ‹ያን የታመመውን ማርልን› እያልኩ ቤተ ክርስቲያን ተሳልሜ የመጣሁት ለዚህ ነው?»

የሐኪሙ ቀጠሮ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ብሩ ገና ኪሴ ነው። አውጥቼ ዘረጋሁላቸው። ብሩን አዩ፣ ውሻውን አዩ።

«አሁን እግዜርን ምን ልበለው? ተሳስቻለሁ፣ ጸሎቴን መልስልኝ ልበል? አስቀምጠው!» አሉና ቤቴን ዙሪያውን ቃኙ። «ለሚስትህም እንዲህ ትሆናለህ?»

«ሚስት የለኝም፣ እማማ።»

«ምን ይደንቃል! ውሻህ ቀድሞህ ያገባል።»

ሙዙን ወደ ዘንቢላቸው መለሱ፤ ጭማቂውን ግን «አስታማሚም ይደክመዋል» ብለው ተዉልኝ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር አሉ።

«ለሐኪሙ ንገረው፤ የእኔ ዕጣ ነው። አጣሞ እንዳይገጥመው!»