በአቡነ ዘበሰማያት የተቆጠረ ልብ

የልብን ነገር ለተማሪዎቼ የማስረዳው በመዝጊያ ነው።

«ቤታችሁ መዝጊያ አለው?» እላቸዋለሁ።

«አለው፣ የኔታ።»

«ሲዘጋ ይገጥማል?»

ግማሾቹ ይገጥማል ይላሉ። ግማሾቹ የውሻ አፍንጫ ያስገባል ይላሉ።

«እንግዲህ በሰው ልብ ውስጥም ደም የሚገባበትና የሚወጣበት በር አለ። የእናንተ መምህር በር የውሻ አፍንጫ ከሚያስገባው ወገን ነው።»

ይስቃሉ፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ይህን በሳቅ ለመናገር የበቃሁት ግን ብዙ ከተጨነቅሁ በኋላ ነው። ነገርን በተራው ማስረዳት ስለምወድ ከመጀመሪያው ልጀምር።

ጊዜው ጣልያን ቡሬ ላይ ምሽግ ሠርቶ የተቀመጠበት ነው። ዛሬ ፍኖተ ሰላም የምንለውን ከተማ ያኔ ወጀት እንለው ነበር። መንደራችን ከወጀት ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ፣ ከላህ ወንዝ ብዙም ሳይርቅ ነው። እኔ ዳዊት ደግሜ፣ ጾመ ድጓ ተምሬ፣ ቅኔ ቤት ጥቂት እንደቆየሁ ጦርነቱ መጣና ወደ እናቴ ቤት ተመለስሁ። ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አልሆነልኝም። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ድንጋይ ደርድሬ ፊደል ማስቆጠር ጀመርሁ። ጢሜ ሳይሞላ «የኔታ» ተባልሁ። በመጀመሪያው ሰሞን ሲጠሩኝ ዞር ብዬ ሽማግሌ ሰው እፈልግ ነበር።

በልጅነቴ ጉልበቴንና ክርኔን ያሳበጠ ትኩሳት ታምሜ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዳገት ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኛል። ዘመዶቼ ሁሉ ስንፍና ነው ይሉኝ ነበር፤ እኔም ሳላምን አልቀረሁም። አንድ የገበያ ቀን ግን በርበሬ ተሸክሜ ቡሬ ስገባ፣ ከምሽጉ በታች ዓይኔ ጨልሞ ወደቅሁ። ስነቃ ከጣልያኑ ሐኪም ቤት አግዳሚ ላይ ተጋድሜያለሁ። ያነሣኝ የሐኪሙ አስተርጓሚ ነው፤ የሐማሴን ሰው፣ በዕድሜ የሚበልጠኝ፣ አንገቱ ላይ ማተብ ያሰረ፣ ቀልድ የሚወድ።

ሐኪሙ ሁለት ቅርንጫፍ ያለው ጎማ ጆሮው ላይ ሰክቶ ደረቴን ሲያዳምጥ ቆየ። ከዚያ ለአስተርጓሚው ረጅም ነገር ነገረው።

«የልብህ በር አይገጥምም ይላል» አለኝ አስተርጓሚው። «ብዙ ዓመት ልትኖርበት ትችላለህ ይላል። ግን ይጠበቅ ይላል።»

«በማን ይጠበቅ?»

«በሱና ባንተ። በየሁለት ወሩ እየመጣህ እሱ ያዳምጥሃል። ቤትህ ስትሆን ደግሞ አንተ አንጓህን ይዘህ ትርታህን ትቆጥራለህ።» የኪሱን ሰዓት አውጥቶ አሳየኝ። «ይቺ ቀጭኗ አንድ ዙር እስክትዞር።»

«ዳገት መውጣትስ እችላለሁ?»

ይህን የጠየቅሁት በምክንያት ነው። ወደ ሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ ወዲህ ካለች አንዲት ደብር ሽማግሌዎች ልከውብኝ ነበር። መምህራቸው ሞቶባቸው ልጆቻቸው ያለ ፊደል ቀርተዋል። ጎጆ እንሠራለን፣ ቀለብ እንሰፍራለን፣ ከትንሣኤ በኋላ መጥተን መልስዎን እንሰማለን ብለዋል። በዚያ ዘመን የተመኘሁት ነገር ቢኖር ይህ ብቻ ነበር፤ በአጥር ሥር ያለ ልማድ ሳይሆን የራሴ ጉባኤ። ነገር ግን መንገዱ ሙሉ በሙሉ ዳገት ነው። ሀገሩም የአርበኞች ስለሆነ፣ በጣልያን ሐኪም ፊት ስሙ አይነሣም።

አስተርጓሚው ጠይቆ መለሰልኝ። «ትርታህ እንዳለ ከረጋ ውጣ፤ እየጨመረ ከሄደ ቁጭ በል ይላል።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የትኛው ዳገት ነው ብዬ እኔም አልጠየቅሁህ» አለ።

አሁን ችግሩ ሰዓት ነው። በመንደራችን ሰዓት ማለት ጥላና ዶሮ ነው፤ ሁለቱም ትርታ አይለኩም። ነገር ግን መላ አላጣሁም። የአስተርጓሚውን ሰዓት እያየሁ አቡነ ዘበሰማያትን ከነ «በሰላመ ገብርኤል» አንድ ጊዜ ብደግም፣ ልክ ቀጭኗ እጅ ዙሯን ስትጨርስ እኔም እጨርሳለሁ። ደግሜ ሞከርሁት፤ ያው ነው። መቁጠሪያዬን በግራ እጄ ያዝሁ፣ በቀኝ ጣቶቼ የግራ አንጓዬን ነካሁ፣ በየትርታው አንዷን ፍሬ በአውራ ጣቴ እያሳለፍሁ ጸሎቱን አደረስሁ። ጸሎቱ ሲያልቅ መቁጠሪያው አንድ ጊዜ ዞሮ ጥቂት አልፏል። የደረሰበት ፍሬ ላይ ከነጠላዬ ጥለት ቀይ ክር መዝዤ አሰርሁ። በሁለተኛው ዙር ከቀይ ክሯ ወዲህ ከሆነ ደኅና፣ ከዘለላት አደጋ።

«ሰዓት የሠሩት ሰዎች ይህን ቢሰሙ ሥራቸውን ይተዋሉ» አለ አስተርጓሚው።

በብልሃቴ እየኮራሁ ወደ ቤቴ ሄድሁ። ለካ ጭንቀትን በአንገቴ አንጠልጥዬ ነው የሄድሁት።

ጠዋት አንድ ጊዜ መቁጠር ሲበቃኝ፣ ከምሳ በኋላም ቆጠርሁ። ከዚያ ተማሪ ሲያጠፋ ቆጠርሁ፤ ተማሪ ሲያውቅም ቆጠርሁ፣ ደስታም ልብ ያስሮጣልና። አንድ ቀን «ሀ ግዕዝ፣ ሁ ካዕብ» እያስባልሁ ሳለ ድንገት አንጓዬን ያዝሁ። ጸሎቴን ጨርሼ ቀና ስል ጉባኤው ጸጥ ብሏል። ልጆቹ ሁሉ አንጓቸውን ይዘው ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

«ምን እያደረጋችሁ ነው?»

«ልባችንን እየጠበቅን ነው፣ የኔታ።»

«ታዲያ እንዴት ነው?»

«የኔ የለም» አለ አንዱ ከኋላ።

እናቴ ደግሞ ሁሉን ታያለች። አንድ ቀን ላም እያለበች ሳለ በረቱ ደጃፍ ቆሜ መቁጠሪያዬን ስገፋ አየችኝ። «ልጄ፣ ልብ እንደ ላም ነው። ጧትና ማታ ያልቧታል። ቀኑን ሙሉ ጡቷን ብትጎትትባት ግን ትራገጣለች» አለችኝ። እውነቷን ነው አልሁ። እውነቷን መሆኑን ካረጋገጥሁ በኋላም ቆጠርሁ።

ከሁሉ የከፋው የአጎቴ አፍ ነው። አጎቴ አርበኛ ነው፤ አልፎ አልፎ ከዱር ብቅ ብሎ እናቴን ይጠይቃል። አንድ ማታ ጠመንጃውን ከምሰሶው አስደግፎ ጠላውን እየጠጣ ጀመረኝ።

«እኛ ዱር ግባ ብለን ልብህን ብንጠይቅህ ነፈግኸን። ለጣልያን ግን ደረትህን ገልጠህ አሰማኸው አሉ።»

«የሰማው ትርታውን ብቻ ነው፣ አጎቴ።»

«ስለኛ አንዳች ነገር ነግሮት እንደሆነስ?»

«ነግሮታል። ምሽጉን ሳልፍ በእናንተ ምክንያት እየፈራሁ ስለማልፍ፣ በፍርሃት ይመታ ነበር።»

አጎቴ ጠላው ትን እስኪለው ሳቀ። «ለኛ የሚመታ ከሆነስ ይምታ። ጥይት ካላቀበልህ በትርታ እርዳን።» ሲወጣ ግን ከደጅ ጠርቶኝ «ያ ሐኪም ሂድ ባለህ ቀን ሂድ። ሰከላ ያሉት ልጆች እየጠበቁህ ነው» አለኝ።

ዐቢይ ጾም ገባ። እኔም እንደ ደንቡ በየቀኑ ቤተ ክርስቲያን እየዋልሁ ጾመ ድጓውን ከካህናቱ ጋር መቆም ጀመርሁ። ጾሙ በገባ በጥቂት ቀን ቆጥሬ ጸሎቴን ስጨርስ አውራ ጣቴ ከቀይ ክሯ አልፎ ተገኘ። ተሳስቼ ነው ብዬ ደገምሁት፤ አሁንም አልፏል። ጾሙ በገፋ ቁጥር ትርታው ከክሯ እየራቀ ሄደ። ደብረ ዘይት ሲደርስ ክሯን ዞር ብዬ እንኳ አላያትም ነበር።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ሕይወቴን ብነግራችሁ ሳቅ ነው፤ ያኔ ግን ሳቅ አልነበረም። ተቀምጬ ማስተማር ጀመርሁ። ልጆቹን ቀስ ብላችሁ አንብቡ አልኋቸው፤ የነሱ ጩኸት የኔን ልብ የሚያስሮጥ መስሎኝ። ቀስ ብሎ የሚነበብ ፊደል ሰምታችሁ ካላወቃችሁ፣ የንብ ቀፎ ውስጥ ጆሮ እንደ ማስገባት ነው። ለዳገት ብዬ ያስቀመጥሁትን የወይራ ዘንጌን ለጎረቤት ሰጠሁ። ለሰከላ ሽማግሌዎች የምናገረውንም ቃል በልቤ አዘጋጀሁ፤ «አባቶቼ፣ አምላክ ሌላ መምህር ይስጣችሁ» የሚል። ይህን ቃል ባሰብሁት ቁጥርም እቆጥራለሁ።

በሆሣዕና ሰሞን ቀጠሮዬ ደረሰና ቡሬ ሄድሁ። ከምሽጉ በር የጣልያን አስካሪ ወታደሮች ፈተሹኝ፤ ልቤ እንደ ከበሮ መታ። እንግዲህ በቤቴ ጥላ ሥር ተቀምጬ ከክሯ የዘለለው ትርታ፣ በመትረየስ ፊት አልፌ የት ሊደርስ ነው? ሐኪሙ ሌላ በሽተኛ ይዞ ስለነበር አስተርጓሚው በአንዱ እጁ አንጓዬን ያዘ፣ በሌላው ሰዓቱን አወጣ። እኔም ልማድ ሆኖብኝ ሌላውን አንጓዬን ይዤ መቁጠሪያዬን አስተካክዬ «አቡነ ዘበሰማያት» ብዬ ጀመርሁ።

«እህ፣ ጨረስሁ» አለ እሱ።

እኔ ጸሎቴን ቀጠልሁ።

«ጨረስሁ እኮ እያልሁህ ነው።»

በዓይኔ ታገሠኝ አልሁት። ሰዓቱን አየ፤ እኔን አየ። አፉን በመዳፉ ሸፈነ።

«መምህር፣ ቀጭኗ ዙሯን ጨርሳ ሌላውን ይዛለች። አንተ ገና «በሰላመ ገብርኤል» ላይ አልደረስህም። እኛ ሀገር ይህን ጸሎት ደግመን ማዕድ እንቆርሳለን። እናንተ ጎጃሞች ስትሉት ማዕዱ ይሻግታል።»

«እኔ እንደ ሁልጊዜው ነው የምለው።»

«እስቲ ሰዓቱን እያየህ በለው።»

አልሁት። ያው ሆነ። ሰዓቱን ከጆሮዬ አስጠግቼ አዳመጥሁ፤ አልቆመም፣ አልሮጠም። የዘገየሁት እኔ ነኝ።

ምክንያቱን እዚያው አግዳሚው ላይ ቁጭ ብዬ አገኘሁት፤ አሁን ላስረዳ። በዐቢይ ጾም ከበሮ አይመታም፣ ጸናጽል አይነካም። በመቋሚያ ብቻ እየተዘመመ፣ ዜማው በረጅሙ እየተሳበ ነው የሚቆመው። ቀኑን ሙሉ በዚያ ስሄድ የዋልሁ ሰው፣ ማታ ለብቻዬ አቡነ ዘበሰማያት ስል ምላሴ በጾሙ እርምጃ ነው የሚሄደው። በዚያ ላይ ፍርሃት አለ። የፈራ ሰው ጸሎቱን አያስኬድም፤ እያንዳንዷን ቃል እንደ እንቁላል ቀስ አድርጎ ያስቀምጣል። ጸሎቱ በረዘመ ቁጥር ብዙ ትርታ ይገባበታል። ብዙ ትርታ ሲገባ እፈራለሁ፤ ስፈራ ጸሎቱ ይረዝማል። ልቤ እንደ ወትሮው እየመታ ሳለ የምለካበት ገመድ ነው ሲለጠጥ የከረመው።

«ታዲያ በሰዓቱ ስንት ሆነ?» አልሁት።

«በዚህ ሁሉ ፍርሃትህ እንኳ ከክርህ ብዙ አያልፍም።»

ሐኪሙ ገብቶ በጎማው አዳመጠ። አስተርጓሚው ያገኘነውን ነገር ሲያስረዳው ብዙ ጊዜ ወሰደበት፤ ጸናጽልን በጣልያንኛ መግለጽ ቀላል አልነበረም መሰለኝ፣ እጁን እያወዛወዘ ነው የነገረው። ሐኪሙ ሳይስቅ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ የተናገረው ይህን ነው፤ በሩ እንዳለ ነው፣ አልባሰም፣ አልተሻለም። ዳገት እያረፈ ይውጣ። ጧት አንድ ጊዜ ይቁጠር፣ ሌላውን ጊዜ ይተወው።

ወደ ቤቴ ስመለስ ጎረቤቴን መንገድ ላይ አግኝቼ የሰጠሁትን ዘንግ መልሼ ጠየቅሁት። በሱ በሬ እየነዳ ስለነበር ሌላ ቆርጦ ሰጠኝ።

ትንሣኤ አልፎ ሁለት ሽማግሌዎች በቅሎ ይዘው መጡ። አያቶቼ የሚሆኑ ናቸው፤ እኔን ግን አንቱ ይሉኛል፤ እንደዚያ ሲሉኝ መሬት ውስጥ መግባት ያምረኛል። እናቴ የልቤን ነገር ሳትደብቅ ነገረቻቸው።

«ሰምተናል» አሉ አንደኛው። «እኛ ከየኔታ የፈለግነው አፋቸውን ነው፤ ልባቸውን ቀስ አድርገን እናወጣዋለን።»

«በየጉብታው ታሳርፉልኛላችሁ» አለች እናቴ።

«በየጉብታው።»

እሺ አልሁ። ያዘጋጀሁትን ሌላውን ቃል በልቤ እንኳ አልፈለግሁትም።

መንገዱ በቅሎ የሚያስኬደው እስከ አንድ ቦታ ድረስ ነው፤ ከዚያ ወዲያ በእግር ይወጣል። የመጀመሪያው ጉብታ ላይ ትንፋሼ አጠረ፤ ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ገባ። ጧት ቆጥሬያለሁ፤ ቃሌን ላከብር አሰብሁ። ግን እጄ ሄደና አንጓዬን ያዘ። መቁጠሪያዬን አስተካክዬ፣ በከንፈሬ፣ በፍጥነት፣ በፍስኩ እርምጃ «አቡነ ዘበሰማያት» አልሁ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ሻሻቸውን አወለቁ። በቅሎይቱን ከቁጥቋጦ አስረው ከኋላዬ ቆሙና፣ እነሱም «አቡነ ዘበሰማያት» ብለው ጀመሩ፤ ጮክ ብለው፣ በሰከላ ዜማ፣ ቀስ አድርገው፣ አንዷን ቃል እንደ ማረሻ እየሳቡ። እኔ ልቅደም ብል ድምፃቸው ጎተተኝ። አብሬ ላዝግም ብል ትርታው አመለጠኝ። ፍሬዎቹ በአውራ ጣቴ ሥር አለፉ፤ ቀይ ክሯ መቼ እንዳለፈች አላየሁም። ሊስቀኝ መጣ፤ በጸሎት መካከል እንዳልስቅ ዓይኔን ጨፈንሁ።

ጸሎቱ ሲያልቅ ሻሻቸውን ጠመጠሙ። አንደኛው ለሌላው ዝቅ ባለ ድምፅ «እንዲህ ያለ መንፈሳዊ ሰው ነው አምላክ የሰጠን» አሏቸው።

መንፈሳዊ እንዳልሆንሁ ላስረዳቸው አፌን ከፈትሁ፤ ማስረዳት እወዳለሁና። ከዚያ ስለ ሰዓቱ፣ ስለ ጾመ ድጓው፣ ስለ በሩ ሁሉ ማውራት እንዳለብኝ አስቤ ተውሁት። መቁጠሪያዬን አንገቴ ላይ መለስሁ፣ ዘንጌን ያዝሁ። ትንፋሼ ተመልሷል፤ ስንት እንደሆነ ግን አላውቅም።

«እንሂድ፣ አባቶቼ» አልኋቸው። «ልጆቹ ጠብቀዋል።»