በቀዩ አውሮፕላን ሆድ ሥር

ደበሌ ወንድሙን የለቀመው በኮባ ቅጠል ነው።

ወንድሙ ገብረወልድ ከቡታጅራ ወጣ ብሎ፣ ዘቢዳር ተራራ ግርጌ፣ አዲስ ቤት ሊሠራ ነበር። ደበሌ የዝግባውን ምሰሶ ጠርቦ አቆመለት። ጎረቤቱ እልልታውን ሳይጨርስ የጣልያን አውሮፕላን መጣ፤ ሰው ሁሉ ቆሞ አንጋጦ አየው። ደበሌም አየ። ከሆዱ ሥር ሁለት ረዣዥም ነገሮች ተንጠልጥለው ነበር፤ አንደኛው ተላቅቆ ሲወርድም ተመለከተ። ከዚያ ጆሮው ደነቆረ፣ አፉን አፈር ሞላው። ሲነሣ ምሰሶው ቆሟል፤ ወንድሙ ግን የለም። ቀኝ እጁን ያገኘው ከአጥሩ ወዲያ ነው። ያን ቀን አሥራ አንድ ሰው አለቀ፤ ለመቅበር እንኳ የማን የማን እንደሆነ አልተለየም።

ደበሌ የቡታጅራ እንጨት ሠሪ ነው። በዚያ አገር እሱ ያላቆመው ምሰሶ ጥቂት ነው። ዋንጫ ሲዞር ግን እንጨት ሠሪ ከሰው ጋር አይጠጣም ብለው ለብቻው ይሰጡታል፤ ራሱ ላቆመው ቤት እንግዳ ሆኖ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ይጠጣል። ዓይን ያወጣ ግፍ ነው፤ እሱ ግን ለምዶታል። ያልለመደችው ሚስቱ ወለተ ሐና ናት። ከገበሬ ቤት ወጥታ፣ ዘመድ አዝማድ ደረቱን እየደቃ ያገባችው፣ ሰው የምትፈራበት ልብ ያልተሰጣት ሴት ናት።

በ፲፱፻፴ ዓ.ም. ክረምቱ ሲወጣ ወለተ ሐና በጣልያኖች እጅ ተያዘች። ዘቢዳር ጫካ ላሉት አርበኞች በምትወስደው ቆጮ መሃል ጥይት ተገኘባት።

«ማን ሰጠሽ?» አሏት።

«ቆጮውን ገዛሁ፤ ጥይቱን መርቀውልኝ ይሆናል» አለች።

በሰደፍ መትተው ሁለት ጥርሷን አወለቁላት። አብረዋት የተያዙትን ሁለት ወንዶች በዓርብ ገበያ፣ ሕዝቡ እያየ፣ ሰቀሏቸው። እሷን ያቆዩዋት ስም ታወጣለች ብለው ነው። ስም ካላወጣች ገመዱ እንደሚጠብቃት ያልገባው ሰው በከተማው አልነበረም።

ደበሌ ከአንድ ግንድ የፈለፈለውን በርጩማ ተሸክሞ ወደ ጣልያኖቹ ካምፕ አዛዥ፣ ወደ ካፒቴኑ ሄደ። ሌላ የሚይዘው እጅ መንሻ አልነበረውም። ካፒቴኑ በርጩማውን ገለባብጦ አየ፣ በጣቱ ዳሰሰ፣ ከዚያ እጁን ይዞ ወደ ክፍሉ አስገባው። ግድግዳው በአውሮፕላን ፎቶግራፍ ተሞልቷል። ሰውየው በወጣትነቱ፣ በአገሩ፣ የእሽቅድምድም አውሮፕላኖችን ሞተር ይጠግን ነበር። ለፍጥነት ብቻ የተሠሩ፣ ከሌላ አገር አውሮፕላኖች ጋር እየተወዳደሩ ዋንጫ የሚያመጡ ናቸው። ስለ እነሱ ሲያወራ ዓይኑ እንባ ያቀራል። ከበሩ ውጭ ደግሞ ሰው ይሰቅላል።

«ከእነዚህ ሦስቱን በእንጨት ቅረጽልኝ ይልሃል» አለ አስተርጓሚው ሀቢቡ። የወልቂጤ ሰው ነው፤ ጣልያንኛውን የቀሰመው ምጽዋ ወደብ ላይ ዕቃ ሲያወርድ ነው። «የእውነተኛው አንድ ክንድ፣ ባንተ ሥራ አንድ ጣት ይሁን። ሦስተኛውን ስታስረክብ ሚስትህን ይዘህ ትሄዳለህ።»

ደበሌ አውሮፕላንን ከነዘሩ ይጠላል። ግን ሠራ፤ እጁ ደግሞ መጥፎ ሥራ መሥራት አያውቅበትም። ገላውን ከዋንዛ ቀረጸ፤ ክንፉን ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ በጠርሙስ ስባሪ ፋቀ፤ አፍንጫው ላይ የሚሽከረከረውን መዘውር ከወይራ አወጣ። ካፒቴኑ ሁለቱን ሲረከብ እንደ ሕፃን አቀፋቸው።

ሦስተኛው፣ ካፒቴኑ እንደነገረው፣ ቀይ ነው። ፎቶው አውሮፕላኑን ሲበር ያሳያል። ደበሌ ፎቶውን ወደ ብርሃን ጠጋ አድርጎ አየው። ከሆዱ ሥር ሁለት ረዣዥም ነገሮች ነበሩ። ምን እንደሆኑ ለእሱ ማስረዳት አያስፈልግም ነበር። ፎቶውን ደፍቶት ወጣ።

ከዚያ ተመልሶ ገላውን ሠራ፣ ክንፉን ሠራ፣ ጭራውን ሠራ፣ ከካምፑ የተሰጠውን ቀይ የመኪና ቀለም ቀባ። ሁለቱን ግን አልነካቸውም። የገብረወልድን እጅ ያነሣሁበት እጄ ይህን አይቀርጽም ብሎ ቆረጠ። ሰውየው ባያስተውልስ ብሎም ተስፋ አደረገ፤ እንዲህ ያለ ተስፋ የጭንቅ ነው።

ሮብ ጠዋት አስረከበ። ካፒቴኑ ገለበጠና አየ።

«ከሥሩ ያሉት የታሉ?» ብሎ ሀቢቡ ተረጎመ።

«ቦምብ አልቀርጽም በልልኝ።»

ሀቢቡ ነገሩን ለማለስለስ ሞከረ፤ ካፒቴኑ ግን አንዷን ቃል፣ «ቦምብ» የምትለዋን፣ ለይቶ ሰማት። ፊቱ ደም መሰለ። የሚያመልከውን አውሮፕላን ቦምብ ጣይ ብሎ የሰደበበት መስሎት፣ ምንም ሳያስረዳ ወደ ግቢው ጮኸ። ወለተ ሐናን ጎትተው አመጡና ከግቢው ጥድ ጋር አሰሯት። ቀሚሷን ከጀርባዋ ቀደዱት። ለጣልያን ያደሩ ሁለት አስካሪ ወታደሮች ደበሌን ጨምድደው ያዙ፤ ፊቱን ሊያዞር ሲል አገጩን ይዘው አቀኑት።

የጉማሬ አለንጋ ቆዳ አይልጥም፤ ይበጣል። በአምስተኛው ደሟ ወገቧ ላይ ወረደ። በአሥረኛው ጮኸች፤ እስከዚያ ጥርሷን ነክሳ ነበር። ደበሌ ሃያ ላይ «እቀርጻለሁ! ግድየለም፣ እቀርጻለሁ!» ብሎ አንባረቀ። ሀቢቡ ተረጎመ። ካፒቴኑ ራሱን ነቀነቀና እስከ ሠላሳ አስጨረሰ።

ሀቢቡ ደበሌን ከመሬት አንሥቶ ሌላ ፎቶ አሳየው። ያው ቀይ አውሮፕላን ባሕር ላይ ተቀምጧል። የተቀመጠባቸውም እነዚያው ሁለቱ ናቸው፤ አንደኛው ላይ ካፒቴኑ፣ ገና ጎረምሳ ሳለ፣ ሱሪውን ሰብስቦ ቆሞ ይስቃል።

«ጫማዎቹ ናቸው፣ አንተ ሰው» አለው ሀቢቡ። «ውሃ ላይ የሚንሳፈፍባቸው። ይሄ ቦምብ ተሸክሞ አያውቅም። ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?»

ደበሌን ሞኝነቱ አንገበገበው፤ ለሞኝነቱ የከፈለችው ደግሞ እሷ ናት። ዝዋይ ላይ ያያቸውን ታንኳዎች እያሰበ፣ እህል ሳይቀምስ፣ ሁለቱን ጫማዎች በሁለት ቀን ጨረሳቸው።

ዓርብ ጠዋት ካፒቴኑ ሳፋ ውሃ አስሞልቶ ቀዩን አውሮፕላን አስቀመጠበት። ወደየትም ሳያዘነብል ቀጥ ብሎ ተንሳፈፈ። ሰውየው በደስታ አጨበጨበ፤ ደበሌን አቅፎ ጉንጩን ሳመው። የደበሌ መሮ መቀነቱ ውስጥ ነበር፤ የካፒቴኑ አንገትም አጠገቡ ነበር። እጁ መሮው ላይ አርፎ ቆየ። ወለተ ሐና ከእስር ቤቱ በር ላይ በሁለት ሰው ተደግፋ ስትወጣ ባያይ ኖሮ ያን ቀን ካፒቴኑም እሱም አይተርፉም ነበር።

ገመዱ ያን ዓርብ ባዶ አልዋለም፤ በእሷ ፋንታ ከቆሼ አገር የመጣ አንድ ገበሬ ሰቀሉበት። ደበሌ ሚስቱን አዝሎ በተሰቀለው ሰው እግር ሥር አለፈ።

ከከተማው ሲወጡ፣ «እስከ ማክሰኞ አልገረፉኝም» አለችው ከጀርባው። «ሮብ ምን ተገኘ?»

«ከአውሮፕላኑ ሥር ቦምብ ቅረጽ አሉኝ። እምቢ አልኩ።»

 ግንባሯን ማጅራቱ ላይ አሳረፈች። «ለገብረወልድ ነዋ» አለች። «እንኳን እምቢ አልክ። እኔንም አይቆጨኝም።»

እዚህ ላይ ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም ነበር። አልቻለም። ከግራሩ ሥር አውርዶ በጎኗ አስተኛትና ዓይኗን ሳያይ ሁሉንም ነገራት፤ ቦምብ እንዳልነበረ፣ የውሃ ጫማ እንደሆነ፣ ኋላም እንደቀረጸው። በጥፊ ትለኛለች ብሎ ጠበቀ። እሷ አለንጋው እንደገና ያረፈባት ያህል ዓይኗን ጨፈነች።

ጎረቤታቸው የሺመቤት ከገበያ ስትመለስ አየቻቸው። የወለተ ሐናን ጀርባ ስታይ ሸክሟን ጥላ ጮኸች። «ኧረ በሞትኩት! ምን አድርገሽ ነው እንዲህ የተለተሉሽ?»

«ባሌ ቦምብ አልቀርጽም ብሎባቸው ነው» አለች ወለተ ሐና።

ደበሌ ሊያርማት አፉን ሲከፍት ክንዱን ያዘችው፤ ጥፍሯ ሥጋው ውስጥ ገባ። የሺመቤት ውኃ ልታመጣ ስትሮጥ ወደ ራሷ ሳበችው።

«ይህ ጀርባ ለጫማ አልተገረፈም» አለችው። «ሰማህ?»

«ሰምቻለሁ» አላት። ከዚያ በኋላ ሃያ ስድስት ዓመት አብረው ኖሩ። የቦምቡን ነገር በሰው ፊት ባወራች ቁጥር ደበሌ አንገቱን ደፍቶ ይሰማል፤ አንድም ቀን አላረማትም።